እንግዳው ሲገባ

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው... ወላሂ አንድ ቃል አልጨመርኩበትም።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ የሰባ ሰባቱ ድርቅ ማግስት። ቦታው ደሴ፣ ከሆጤ ሰፈር ወጣ ብሎ የነበረ የሙት ልጆች ማሳደጊያ። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ። ጭጋጉ መስኮቱ ድረስ ወርዷል።

እኔ የግቢው ዘበኛ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ፊቴን ደግሞ በልጅነቴ ፈንጣጣ በልቶታል። ሰኞ ገበያ ሳልፍ ሴቶቹ «ወንፊቱ መጣ!» ይባባሉብኝ ነበር። ዛሬም አልረሳሁላቸውም።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ጓድ ስማቸው የሚባል ሰው መጣ። ውጭ አገር የተማረ፣ ባለ መነጽር። የሕፃናት አእምሮ እንዴት እንደሚያድግ ያጠናል አሉን። ሳቄ መጣ። ልጅ በልቶ ያድጋል እንጂ ምኑ ይጠናል?

«ሳይንስ ነው» አለኝ ኮስተር ብሎ። «ሕፃን የሚያውቀውን ሰው ከማያውቀው እንዴት እንደሚለይ እናያለን። ሞግዚቷ ታቅፈዋለች። ከዚያ እንግዳ ሰው ይገባል።»

«እንግዳው ማነው?»

ፊቴን አየት አደረገና... «አንተ ትሆናለህ» አለ።

ሞግዚቶቹ ሳቃቸውን አፈኑ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እኔ ከግቢው በር አልፌ ሕፃናቱ ክፍል ገብቼ አላውቅም ነበር። ገባሁ። የመጀመሪያው ልጅ አለቀሰ። ሁለተኛውም። ሌላው ትንፋሹ እስኪቆራረጥ ጮኸ...

«በጣም ጥሩ!» ይላል ጓድ ስማቸው።

ለእሱ ጥሩ ነው። እኔ ግን በልቤ አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ያረቢ፣ አንድ ልጅ... አንድ ብቻ፣ አይቶኝ አያልቅስ።

«በሺር» አለኝ በመሀል። «ስትገባ በሩን ወዲያው ዝጋ እንጂ። ለምን ይዘኸው ትቆማለህ?»

«እኔ?»

«በገባህ ቁጥር። ከኋላህ ሰው የምታስገባ ነው የምትመስለው።»

እጄን አየሁት... በሩን ይዤ መቆሜን አላወቅኩትም ነበር።

ደግሜ ገባሁ። አሁን በሩን ቶሎ ልዘጋ ሳብኩት።

አልመጣልኝም።

ትንሽ ቆየና... በራሱ ተላቀቀ።

ሞግዚቷ ሐዋ የሚያለቅሰውን ልጅ እንዳቀፈች ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«በሺሬ... ይኼ ልጅ ካንተ አይደለም የሚሸሸው።»

«ከማን ነው ታዲያ?»

«ዓይኑን እየው።»

አየሁ። ልጁ የሚያየው ፊቴን አይደለም። ከጉልበቴ አጠገብ ነው... ዝቅ ብሎ።

ዞርኩ። ምንም የለም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት አልነበረም። ደስታ ነበር። ለካ ፊቴ አይደለም! እንደዚያ ማሰቤ እስከ ዛሬ ያሸማቅቀኛል።

የመጨረሻዋ ዘሀራ ነበረች። ገና መራመድ መጀመሯ ነው። እናቷ መንገድ ላይ ቀርታለች፤ ታላቅ ወንድሟ ደግሞ እኛው ግቢ በር ላይ ደርሶ፣ እዚያው በረሃብ ነው ነፍሱ የወጣው።

ገባሁ።

ዘሀራ አላለቀሰችም...

ፈገግ አለች።

ዕንባዬ መጣ። በዕድሜዬ እንዲያ የሳቀልኝ ልጅ አልነበረም። ከሐዋ ጭን ወርዳ፣ ቁራሽ ዳቦዋን እንደያዘች፣ እየተንገዳገደች መጣች። ተንበርክኬ እጄን ዘረጋሁላት።

አለፈችኝ።

«አዑዙ ቢላሂ...» አለች ሐዋ።

«ዝም በይ!» አላት ጓድ ስማቸው። እሱ ራሱ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሏል።

ዘሀራ ከጎኔ ቆመች። ዳቦውን ወደ ባዶው አየር ዘረጋችና «እንካ» አለች።

እጇ ባዶውን ተመለሰ። ወለሉን አየሁ... ፍርፋሪ እንኳ የለም።

ከዚያ ቀና ብላ ፊቴን አየችው። ገና ያኔ ነው ያየችኝ።

ማልቀስ ጀመረች።

እኔ እጄን እንደዘረጋሁ ቀረሁ። በልቅሶዋ መሀል ግን... ከጎኔ፣ ከጉልበቴ አጠገብ፣ ቀስ ብሎ የሚያኝክ ድምፅ ይሰማ ነበር።