ለሱኒታ ፊደል ማስቆጠር

«እናንተስ ከሚቀጥለው ወር በኋላ ምን ልትሠሩ ነው?»

ጥያቄውን ያነሳችው ሱኒታ ነበረች፤ ከኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ፣ ከሕንድ አገር፣ በእንግሊዝኛ። ማዕረግ ከስክሪኑ ወደ አጠገቧ ዞረች። ከዘጠነኛ ክፍል ልጆች በእንግሊዝኛ የሚስተካከላት የለም፤ ይህቺ ጥያቄ ግን ከየት እንደመጣች አልገባትም።

አጠገቧ ታላቅ እህቷ ኮከብ ተቀምጣለች። ኮከብ እዚህ መሐል ሜዳ ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ ባለች ቢሮ፣ ከአምስት ባልደረቦቿ ጋር ከየእህል መጋዘኑ የሚመጡ ደረሰኞችን ኮምፒውተር ውስጥ ታስገባለች። አሠሪያቸው የአዲስ አበባ ድርጅት ነው። ድርጅቱ በቅርቡ፣ «ሥራ ሲበዛ የሚያግዟችሁ ልጆች ውጭ አገር ተቀጥረዋል፤ ፊደል አስቆጥሯቸው» ብሎ ላከ። ከተቀጠሩት አንዷ ሱኒታ ናት። የቃሉ ትርጉም አያስፈልጋትም፤ የፊደሉን መልክ ለይታ ትክክለኛውን ቁልፍ ከተጫነች ይበቃል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮከብ ታስተምራለች፣ ማዕረግ ታስተረጉማለች።

«‹ቀ› ላይ ነን፤ ቀጥይ በያት» አለች ኮከብ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

የሱኒታ ጥያቄ ለኮከብም የሚጠፋት እንግሊዝኛ አልነበረም። ማዕረግ ያን ጊዜ ገባት። እህቷ ከሚቀጥለው ወር በኋላ የሚሆነውን ቀድማ ታውቅ ኖሯል።

ወደ ቤት ሲመለሱ ነፋሱ አቧራውን እያነሳ ፊታቸው ላይ ይረጨዋል።

«ሥራውን ሙሉ በሙሉ ሊወስዱት ነው?» አለች ማዕረግ።

«እነሱ ጋ ይረክሳል አሉ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ኃላፊያችን፣ ጋሽ በዕውቀቱ። ለእኔ ብቻ ነው የነገሩኝ። ሕንዶቹ ያስገቡትን የሚያርም አንድ ሰው አዲስ አበባ ይፈለጋል፣ ለአንቺ አስቤያለሁ አሉኝ። ወሬው አሁን ከወጣ ግን ልጆቹ ሥራ ያቆማሉ፤ እኔም ቦታውን አጣለሁ። ትንፍሽ እንዳትይ።»

«ውባየሁስ?»

ኮከብ ነጠላዋን ወደ አፏ ስባ እርምጃዋን አፈጠነች።

ውባየሁ ከኮከብ ጋር ይሠራል፤ በተከራዩበት ግቢም ጎረቤታቸው ነው። ሲገቡ ከአክስቱ ልጅ ከትዕዛዙ ጋር ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃል።

«ፈረንጇ መጣሽ?» አላት ውባየሁ ማዕረግን። «ተማሪዎችሽ ‹ሀ›ን ለዩዋት?»

«ለይተዋታል።»

«ጎበዞች ናቸው። እኔ ስንት ኩርኩም ቀምሼ ነው የለየኋት።»

«ሙድ አትያዝ እስቲ» አለ ትዕዛዙ። «ማዕረግ፣ ይኼን ሰውዬ ምከሪልኝ። ወረዳው የኮምፒውተር ሠራተኛ ይፈልጋል፤ ምዝገባው ሰኞ ያበቃል። አልሄድም አለኝ።»

«ሥራ አለኝ እኮ» አለ ውባየሁ። «ስንት ሥራ የፈታ እያለ የሰው ዕድል ልሻማ?»

ማዕረግ ኮከብን አየቻት። ኮከብ የቤቱን ቁልፍ ትፈልግ ጀመር፤ ቁልፉ እጇ ላይ ነበር።

እናታቸው ወይዘሮ ዓለሚቱ ምሳ አቅርበው ጠበቋቸው። ከገጠር ወደ ልጆቻቸው ከመጡ ወዲህ የጎልማሶች ትምህርት ገብተዋል።

«ያቺ የሰው አገር ልጅ ደረሰችብኝ?» አሉ።

«አልፋሻለች እማዬ» አለች ማዕረግ።

«ይቅናት። እናት አላት?»

«አላት። የምትጦራትም እሷ ናት።»

«እንግዲያስ ይቅናት።» ወጡን ወደ ኮከብ ገፋ አደረጉት። «እኔ ነገ አገር ቤት ደርሼ እመጣለሁ። ጓሳ የሚከፈትበት ቀን ከቅዳሴ በኋላ ይነገራል።»

ጓሳ፣ የአገሬው የጋራ ሣር መሬት፣ ለዓመታት ተዘግቶ ይከርማል። ለቤት ክዳን የሚሆነው ሣሩ ለአጨዳ ሲደርስ ለባለመብቱ ሁሉ በአንድ ቀን ይከፈታል፤ ቀኑም ለሁሉም እኩል ይነገራል።

«ወንድሜ መኳንንት አንድ ዓመት ቀኑን ቀድሞ ሰማ» አሉ ወይዘሮ ዓለሚቱ። «ለማንም ሳይተነፍስ ማጭዱን ስሎ፣ የጎረቤቱን አህዮች ሁሉ ተከራይቶ ጠበቀ። የገባው በቀኑ ነው፤ የሚቀጣው አልነበረም። ቤቱን ሊከድን ጣሪያ ላይ ሲወጣ ግን ከታች ሆኖ ሣር የሚያቀብለው ሰው አጣ።»

«ምን አጠፋ ታዲያ?» አለች ማዕረግ።

«አወቀና ዝም አለ።» ከዚያ ወደ ኮከብ ዞሩ። «ምነው ልጄ፣ እህል አስጠላሽ? ሆድሽን ነው?»

«ደህና ነኝ» ብላ ኮከብ ተነሳች።

እሑድ ጠዋት እናታቸው ከሄዱ በኋላ ማዕረግ የጫማዋን ክር እያሰረች ተናገረች። «ለውባየሁ ልነግረው ነው። ካንቺ ተደብቄ ላደርገው አልፈለግሁም።»

ኮከብ ልብስ ታጥፍ ነበር። «እማዬ ከተማ የምትቀመጠው፣ አንቺም የምትማሪው በምን ይመስልሻል? ለማን ብዬ ነው ዝም ያልኩት?»

«ለእኛ።»

«እና?»

«ምዝገባው ነገ ያልቃል፣ ኮኪ።»

ኮከብ አንዱን ሹራብ አጠፈች፣ ዘረጋች፣ እንደገና አጠፈች። በመጨረሻ፣ «ስትወጪ በሩን ዝጊው፤ ብርድ ይገባል» አለች።

ማዕረግ በሩን ዘግታ ግቢውን አቋረጠች። ውባየሁ የጥርስ መፋቂያውን እንደነከሰ ከፈተላት።

«በሰንበት ምን እግር ጣለሽ?»

«ቁጭ በል፣ ውቤ» አለችው።

ሰኞ ውባየሁ ሄዶ ተመዘገበ። ከሰዓት በኋላ ነገሩ ቢሮውን አዳረሰው። ጋሽ በዕውቀቱ ሠራተኞቹን ሰብስበው ወሬውን ማን እንዳወጣው ሲጠይቁ ኮከብ፣ «ከእኔ ቤት ነው የወጣው» አለች። የአራሚነቱ ቦታ ለአዲስ አበባ ልጅ ተሰጠ። ኮከብም ሱኒታን ፊደሉን እስከ መጨረሻው አስቆጠረቻት፤ ማዕረግም እስከ መጨረሻው አስተረጎመች።

መጋቢት ሲያልቅ ቢሮው ተዘጋ። ከስድስቱ ወረዳው የቀጠረው ውባየሁ ብቻ መሐል ሜዳ ቀረ። ሌሎቹ ሥራ ፍለጋ ሄዱ፤ ከሁሉም ቀድማ፣ በጠዋቱ የደብረ ብርሃን ሚኒባስ፣ ኮከብ።