ለማታ የተቀመጠው ሳምቡሳ

ጋሼ ከሊፋ ከሸማ መሥሪያቸው አጠገብ ተደፍተው ሲገኙ ጀርባቸው ላይ የተሰካው የሐናን ወስፌ ነበር። ወይ ጉድ! በስፌት መሥሪያ ሰው ይገደልበታል ብሎ ማን ያስባል? ሐናን የጀመረችው ሰፌድ ላይ ሰክታው የቀትሩን ሶላት ዙህርን ልትሰግድ ወጥታ ነበር፤ ማንም ሊያነሣው ይችላል። ግን ይህን ማን ይመናት?

በስደት በሚኖሩበት ከተማ፣ በዋተር ስትሪት በየዓመቱ በሚደረገው የእደ ጥበብ ገበያ ሐበሾቹ አንድ ድንኳን ይጋራሉ። ፖሊስ መግቢያውን በቢጫ ሪባን አጥሮ ሦስቱን ውስጥ አስቀራቸው፦ ሐናንን፣ ጋቢ የሚሸጠውን ሚቅዳድንና የብር ጌጥ ሠሪዋን ትብለጥን። ሙቀቱ ለጉድ ነው። ሐናንን ያስጨነቃት ግን ሙቀቱ ሳይሆን ሐሙስ ነው። ሐሙስ የዜግነት መሐላዋ ነው። ዛሬ በካቴና ከወጣች፣ ያን ሁሉ ዓመት የሆቴል አልጋ እያነጠፈች የጠበቀችው ቀን ውሃ በላው። የድንኳኑ ሸራ ወደ እሷ የሚጠጋ መሰላት።

መርማሪዋ ፈዲላ ትባላለች። ፖሊስ ከመሆኗ በፊት ዐሥር ዓመት በካዚኖ ካሜራ ክፍል ተቀምጣ የቁማርተኛ እጅ ስትጠብቅ የኖረች የወሎ ልጅ ናት።

«ጠዋት ተጣልታችሁ ነበር አሉ» አለቻት ሐናንን።

«ሳምቡሳ ብሰጣቸው እንቢ አሉኝ። እኔም በሰው ፊት ‹ከእጄ መብላት ተጸየፉ?› ብዬ ጮህኩባቸው። ሳቅ ብለው ‹ለማታ አስቀምጪልኝ፣ ልጄ› አሉኝ። ይኸው፣ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ወላሂ፣ እኔ አልነካኋቸውም!»

ፈዲላ ወደ ትብለጥ ዞረች።

«እኔ አቀርቅሬ ብር ስቀጠቅጥ ምንም አላይም፣ አልሰማም» አለች ትብለጥ። «ብቻ ጋሼ ጠዋት ከገበያው ቢሮ የአቤቱታ ፎርም ይዘው መጥተዋል። ‹የፋብሪካ ዕቃ የእጅ ሥራ ነው እያሉ መሸጥ ይብቃ› ሲሉ ነበር። ማንን እንደሆነ አልነገሩኝም።»

ይህን ስትል የሚቅዳድ እጅ ወገቡ ላይ የታጠቃትን ትንሽ ቦርሳ ዳበሰች። ሐናን አየች፤ ነገሬ ግን አላለችውም።

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አለ ሚቅዳድ ተራው ሲደርስ። «ሐናን ስትጮህባቸው አዘንኩና ቡና ገዛሁላቸው። እየተጫወትን ግማሹን ጠጡ። ደህና ትቻቸው መኪናዬን ጥላ ያለበት ፓርክ ላደርግ ሄድኩ።»

«ሲጠጡ አይተሃል?»

«በዓይኔ! መርቀውኛል እንኳ።»

ፈዲላ ግማሽ የቀረውን የወረቀት ኩባያ አየች፤ ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር ምንጣፉን ዳሰሰች። ከዚያ የሟቹን ከረጢት ከፈተች። ሦስት ቴምርና ክዳኑ ያልተነካ ውሃ ነበረበት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሦስቱንም በሸማ መሥሪያው ዙሪያ አስቀመጠቻቸው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን እስኪያድር አልጠብቅም» አለች። «ረመዳን ካለፈ ሁለት ሳምንቱ ነው። ጋሼ ከሊፋ ከረመዳን ቀጥሎ በሸዋል ወር በፈቃድ የሚጾመውን ስድስት ቀን ይጾሙ ነበር። እንዲህ ያለ ጾም ለሰው አይወራም፤ ስለዚህ ሳምቡሳውን ‹ለማታ› ብለው አለፉት። ቴምሩና ውሃው ማፍጠሪያቸው ነው። ታዲያ ሚቅዳድ፣ ከሐናን እጅ ያልቀመሱ ሰው ያንተን ቡና እንዴት ጠጡ? ክርስቲያኗ ትብለጥ ብትለኝ ኖሮ ጾሙን አታውቀውም እል ነበር። አንተ ግን ታውቀዋለህ፤ ዒድ ሲያልፍ ከልብህ ወጣ።»

«ሱና አይደል? ግዴታ የለበትም፤ አፍርሰውት ይሆናላ!»

«ምንጣፉ ለምን ቡና ቡና ይሸታል? ወዳጃቸው ለመምሰል ግማሹን ደፋኸው። ፎርሙም ኪሳቸው ውስጥ የለም። እኔ የሰው እጅ ሳይ ነው የኖርኩት፤ የፎርሙ ነገር በተነሣ ቁጥር እጅህ ወደዚያች ቦርሳ ትሄዳለች። ክፈታት።»

ሚቅዳድ አልከፈታትም። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ከገበያው ሊያስባርሩኝ ነበር! በአበሻ ፊት ሊያዋርዱኝ! ለምኛቸው ጀርባ ሰጡኝ...»

ፖሊሶቹ ቦርሳዋን ሲከፍቱ የፋብሪካ ጋቢ ይሸጣል ተብሎ ስሙ የተጻፈበት ፎርም አራት ቦታ ታጥፎ ወጣ።

«ሂጂ እንግዲህ» አለቻት ፈዲላ ሐናንን። «ሐሙስ ቀኝ እጅሽን ስታነሺ እንዳትንቀጠቀጪ።»

ሪባኑ ተነሥቶ መንገዱ ቢከፈትም ሐናን መሄድ አቃታት። ለካ አልናቋትም ነበር! የመጨረሻ ቃሏ ጩኸት ሆኖባቸው መሞታቸው አንጀቷን በላው፤ ሆድ ብሷት አለቀሰች።

መግሪብ፣ የማፍጠሪያው ሰዓት፣ ሲደርስ ሳምቡሳውን አውጥታ ለሁለት ከፈለችውና ግማሹን ለትብለጥ ዘረጋችላት።

«የምስር ነው፣ ብዪ። ለጋሼ ነፍስ ሶደቃ ይሁንላቸው።»