የኪራኮስ ክብ መስኮት

ኪራኮስ ገና ባልተመረቀው መስኮቱ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ የተገኘው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ባለች አንዲት ትንሽ የሐበሾች የወንጌላውያን ጸሎት ቤት መስኮቱ በማግስቱ እሑድ ሊመረቅ ነበር።

መጀመሪያ የደረሱት ፖሊሶች «ከመወጣጫው ተንሸራትቶ ነው» ብለው ጨርሰው ነበር። መርማሪ ሩሃማ ግን የሰው መደምደሚያ አይጥማትም። ለመስኮቱ ሥራ የቆመውን የብረት መወጣጫ ወጥታ ዳሩን የከለለውን ብረት ለካችው። ከወገቧ በላይ ደረሰ።

«የተንሸራተተ ሰው እዚያው ይወድቃል እንጂ አጥር አይዘልም» አለች። «ይህ ሰው ተገፍቷል።»

ኪራኮስ እዚያው አቅራቢያ፣ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ ባለው ወርክሾፑ ሠላሳ ዓመት ባለቀለም መስታወት ሲቆርጥ ኖሯል። ልቡ ግን ከስምንት መቶ ዓመት በፊት ከነበሩት የአውሮፓ ካቴድራል ሠሪዎች ጋር ነበር። ምእመናኑ የቅዱሳን ሥዕል ስለማይፈልጉ የእነዚያን ካቴድራሎች ክብ መስኮት መልክ ወስዶ በቀለም ብቻ ሞላው። የጥንቶቹ ሠሪዎች ፀሐይ እንጂ አምፖል አያውቁም እያለ፣ ሲሠራ መብራት አያስበራም።

ከምረቃው በኋላ ወርክሾፑን ለማን እንደሚያወርስ ሊናገር ነበር። ለሃያ ዓመት ረዳቱ ለፊልሞን? ወይስ ወርክሾፑ ከገባች ሁለት ዓመት ላልሞላት ለአብርሆት? የመስኮቱን መሃል እንድትሠራ ለአብርሆት የሰጣት ቀን ፊልሞን ምሳውን ሳይበላ ቀረ። ኪራኮስ ፊልሞንን ያመሰገነ ቀን ደግሞ እሷ መሣሪያ ታንኳኳለች። ሁለቱ በቅናት እየተቃጠሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይሠሩ ነበር።

ሩሃማ ምድር ቤት ባለችው ቢሮ ተቀምጣ መጀመሪያ የጸሎት ቤቱን ሽማግሌ፣ አቶ ዘገዬን፣ ጠራቻቸው።

«ጠዋት ለኪራኮስ የከፈቱለት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ ልጄ። ከዚያ በኋላ እዚሁ ቤዝመንት ከመዘምራኑ ጋር ወንበር ስንቆጥር ነበር። ከአብርሆት ጋር ሲጨቃጨቁ ሰማን። በሩን ጓ አድርጋ ወጣች። ትንሽ ቆይቶ እላይ አዳራሹ ውስጥ አንድ ነገር ወደቀ። እኔ ዕቃ መስሎኝ... ጌታ ይቅር ይበለኝ።»

«መስኮቱ ላይ ዛሬ የተለወጠ ነገር አለ?»

«የመሃሉ ክብ። እስከ ትናንት አረንጓዴ ነበር። ዛሬ ሬሳውን ሳገኝ ቀና ብል ቀይ ሆኗል።»

አብርሆት ዓይኗ አብጦ ገባች።

«በምን ተጣላችሁ?»

«ፐርሰናል ነው።»

«ከዚያስ የት ሄድሽ?»

«ዝም ብዬ ድራይቭ አደረግሁ። እስከ አስፐን ሂል።»

«ያየሽ ሰው አለ?»

«ኖ።» በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ካቴናውን ዳሰሰ። ልጅቷ በነፍስ ግድያ ለመያዝ የቀራት አንድ ቃል ብቻ እንደሆነ ገብቷታል፤ ሆኖም የተጣሉበትን ነገር አልተናገረችም።

ፊልሞን ግን ተረጋግቶ ተቀመጠ።

«ኪራኮስ ጠዋት ኮል አድርጎ ና አለኝ። በሩ የተዘጋ መስሎኝ ፓርኪንግ ሎቱ ላይ መኪናዬ ውስጥ ጠበቅሁ። እግሬ አዳራሹን አልረገጠም። ኋላም ፖሊስ አላስገባኝም፤ ወደዚህ ቢሮ ያመጡኝ በጓሮ በር ነው።»

«ያን ሁሉ ጊዜ ምን ያደርጉ ነበር?»

«መስኮቱን ነዋ የማየው!» ድምፁ ተለወጠ። «ያ የመሃሉ ቀይ፣ በሰማያዊው መካከል እንደ ፍም ሲነድ! እንዲህ ያለ ሥራ በዕድሜዬ አላየሁም።»

ሩሃማ ሰው ሲያደንቅ እንዲህ ጥርሱን ሲያፋጭ አይታ አታውቅም። ተነሥታ ወደ ፓርኪንግ ሎቱ ወጣች፣ ቀና ብላ አየች፣ ተመለሰችና ሦስቱንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ቀዩና ሰማያዊው ብርሃን ልብሳቸው ላይ አርፎ ነበር።

«ኪራኮስ ተገፍቷል» ብላ ጀመረች። «እሱ ሲወድቅ አቶ ዘገዬ ከመዘምራኑ ጋር ነበሩ። አብርሆት ተጣልታለች፣ ምስክርም የላትም። እኔም እሷን ልይዝ ነበር። ግን አሁን ወጥቼ መስኮቱን ከውጭ አየሁት። ጥቁር ነው። ቀይ የለ፣ ሰማያዊ የለ። ባለቀለም መስታወት በቀን የሚያበራው ከውስጥ ላየው ብቻ ነው። ውስጥ አምፖል ቢበራ ኖሮ ትንሽ ይታይ ይሆናል፤ ኪራኮስ ግን አያስበራም።» ወደ ፊልሞን ዞረች። «ቀዩ የገባው ዛሬ ጠዋት ነው። እርስዎ ያዩት እዚህ ገብተው ነው።»

«እኔ እኮ ሃያ ዓመት...»

«ሃያ ዓመት መስታወት ቆርጠዋል። ከውጭ እንደማይታይ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ግን ያዩት ነገር ሆድዎን አቃጥሎት አላስችልዎ አለ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።»

ፊልሞን ወደ መስኮቱ ጠቆመ። ከዚያ ጮኸ።

«ቀዩ የእኔ ነው! ዓምና እኔ ነኝ የሳልኩት። 'ይበዛል' ብሎ መለሰብኝ። ዛሬ ስገባ በእሷ ቦታ ላይ ሲነድ አየሁት። የእኔን ለእሷ ሰጠብኝ! መወጣጫው ላይ ወጥቼ ልጠይቀው ስል ዞሮ ሳቀ። ገፋሁት።»

አብርሆት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ጋሽ ፊልሞን፣ የተጣላነው የእኔን አረንጓዴ አውጥቶ ያንተን ቀይ ስላስገባ ነው። 'ተሳስቼ ነበር፣ የፊልሞን ዓይን ከእኔ ይበልጣል፤ ወርክሾፑም የእሱ ነው' አለኝ። ቀንቼ ነው ለፖሊስ እንኳን መናገር ያቃተኝ።»

ፊልሞን ቀና ብሎ ቀዩን አየ።

«ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገረኝም?»

«ሊነግርህ እኮ ነው የጠራህ።»