ደጇ ላይ የሚቆመው ሰው

ወጣት ወንድ ደጇ ላይ ቆሞ ሲያያት ምክንያቱን የምትመረምር ልጃገረድ የለችም። ሰርካለምም አልመረመረችም።

ደብረ ብርሃን፣ ከተፈናቃዮች መጠለያ ወደ መሀል ከተማ በሚወስደው ዳገት ላይ የአክስቷን የጋቢና የብርድ ልብስ ሱቅ ትጠብቃለች። የአንኮበር ቄስ ልጅ ናት፤ አባቷ ቄስ ወልደኪዳን ወደ ከተማ የላኳት ከብዙ ምክር ጋር ነው። አንድ ረጅም ልጅ በየማለዳው ዳገቱን ይወጣና ልክ ሱቋ ፊት ሲደርስ ቀጥ ይላል። የተሰቀለውን ጋቢ ያያል፣ እሷን ያያል፣ መሬት መሬቱን ያያል። ከዚያ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ይሄዳል።

ነገሩ ሲደጋገም ሰርካለም መስታወት ማየት አበዛች። በመጨረሻ ግን ትዕግሥቷ አለቀ።

«ወንድም፣ ጋቢውን ትገዛለህ ወይስ እስኪያረጅ ትጠብቀዋለህ?»

ልጁ ደነገጠ፤ ወዲያው ሳቀ። ሲስቅ ያምራል፤ ይህንን ሳትወድ በግድ አየች።

«አልፌ ልሄድ ነበር» አለ፣ «እግሬ እምቢ አለኝ።»

ያን ቀን ስድስት ጋቢ ብትሸጥ እንኳ እንዲያ ደስ አይላትም ነበር።

ስሙ ይሁኔ ነው። ወለጋ ውስጥ የራሱ እርሻ ነበረው፤ አሁን መጠለያው ውስጥ ከእናቱ ጋር ይኖራል፣ መሀል ከተማ በሚሠራ ፎቅ ላይ ብሎኬት ይሸከማል። ከዚያ ወዲህ መቆሙ ሰላምታ ሆነ፣ ሰላምታው ጨዋታ። ጨዋታው ምን እንደሆነ ሁለቱም ያውቁታል፣ ሁለቱም አይናገሩትም። እሷ በርጩማ ታወጣለታለች፤ እሱ ቁጭ ብሎ ባቱን ያሻል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«የእናንተ አገር ብርድ ነዋ! አጥንት ድረስ ይገባል።»

ደብረ ብርሃን ላይ በብርድ የማይሳበብ ሕመም የለም። ሰርካለምም አመነችው፤ የሱፍ ካልሲ ሰጠችው፣ ሲቀበላት ጣቶቻቸው ተነካኩና ሁለቱም ወደ መንገዱ ዞሩ። አንደኛው እግሩ ከሌላው ይልቅ እየገረጣና እየቀዘቀዘ መሄዱን አልነገራትም። ሲጋራ እንደሚያጨስም አልነገራትም። አንድ ቀን በመንገድ የሚያልፍ አጫሽ አይታ፣ «አባቴ ለሚያጨስ ሰው እንኳን ልጁን ውኃም አይሰጥም!» ብላ ስቃ ነበር። ይሁኔ አብሯት ሳቀ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቋ ሳይደርስ ማስቲካ ማኘክ ለመደ።

«ከፋሲካ በኋላ አንኮበር ሽማግሌ እልካለሁ» አላት።

ሰርካለም የዘገየባት ፋሲካ ብቻ መሰላት።

ጾሙ ሳይገባ ግን ልጁ መዘግየት ጀመረ። አንድ ማለዳ ወጣ ብላ ቁልቁል ብታይ፣ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ሻይ የምታፈላው አልታየች የላስቲክ ዳስ ሥር ተቀምጧል። አልታየች ፈት ናት፣ ሳቋ ሰፈር ያዳርሳል። በማግስቱም እዚያው ተቀመጠ። ሰርካለም ጋ ሲደርስ «ረፈደብኝ» ብሎ ያልፋል።

«የአልታየች ሻይ ይጣፍጣል መሰለኝ» አለችው በሦስተኛው ቀን።

«ትንሽ ላርፍ ብዬ ነው።»

«እዚህ በርጩማ ጠፋ?»

«እዚህ ለመድረስ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ወንድ ልጅ ሊያገባት ላሰባት ሴት «አቃተኝ» ማለት ሞቱ ነው፤ ይኼ የማይረባ ኩራት ስንቱን ጎጆ አፍርሷል!

ዝምታውን እንደ ጥፋተኝነት ወሰደችው። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ወደዚህ ደጅ የመጣህ ቀን እግርህን በቆረጠው!» አለችና በርጩማውን አንስታ ገባች።

ሰው ሲናደድ የሚለው ነገር ነው፤ ማንም ቆሞ አያስበውም። ይሁኔ ግን ጎንበስ ብሎ እግሩን አየ።

በማግስቱ አልመጣም። ወፍጮ ቤቱ ጋም የለም። ያቺ ሴት ቤቷ አስገብታው ይሆናል ብላ ስትብሰለሰል ሰነበተች፣ አልታየች ራሷ ሽርጧን እንዳሸረጠች ሱቁ ድረስ እስክትመጣ።

«አንቺ፣ ጨካኝ! ያን ልጅ ሄደሽ አታይውም?»

«አንቺ ጋ አይደል እንዴ የሚያርፈው?»

«እኔ ጋ መድረስም አቃተው እኮ! በፊት አንቺ ደጅ እስኪደርስ እግሩን አያመውም ነበር። ኋላ እኔ ጋ ሲደርስ ይይዘው ጀመር። አሁን ከመጠለያው በር አያልፍም። የእግሩ አውራ ጣት ቆስሎ አልድን ብሎ ጠቆረ፣ ሆስፒታል ወስደውታል።»

ሰርካለም በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። «እግሬ እምቢ አለኝ» ያለው ትዝ አላት።

ሆስፒታል ስትደርስ ሐኪሟ ለእናቱ እያስረዳች ነበር።

«እናቴ፣ ወደ እግሩ ደም የሚያደርሰው የደም ሥር ተዘግቷል፤ የዘጋውም ሲጋራ ነው። ሲሄድ ጡንቻው ደም ስለሚያንሰው ያመዋል፣ ሲያርፍ ይተወዋል። ሳያመው የሚሄደው መንገድ እያጠረ ሲመጣ ነበር መምጣት። ያኔ ማጨሱን ቢተውና መድኃኒት ቢጀምር እግሩ ሊተርፍ ይችል ነበር። አሁን ከጉልበት በታች ይቆረጣል። ሲጋራውን ካልተወ ሌላኛው እግሩም ያሰጋዋል።»

«ይቆረጣል» የሚለው ቃል ሰርካለም ጆሮ ውስጥ ቀረ።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ገባች። ብርድ ልብሱ በአንድ በኩል ጠፍጣፋ ነው፤ ወደዚያ ላለማየት ፊቱን ፊቱን አየች።

«የቄስ ልጅ እርግማን ይደርሳል ሲሉ አላምንም ነበር» አለ፣ ሊስቅ እየሞከረ።

«በእመቤታችን፣ ይሁኔ! አፌ ነው እንጂ ልቤ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ሲጋራው ነው፤ እሱን ደግሞ ደብቄሻለሁ። የመጀመሪያ ጊዜም አንቺን ለማየት አልቆምኩም። ሕመሙ ነው ያቆመኝ።»

«ከዚያስ በኋላ?»

«ከዚያ በኋላ ስላቆመኝ አመሰገንኩት።»

ሰርካለም አለቀሰች። «ሽማግሌ ላክ» አለች። «አባቴን እኔው እነግረዋለሁ። አስታምምሃለሁ፣ የትም አልሄድም።»

ይሁኔ ዓይን ዓይኗን አየ።

«ካልሲውን ስትሰጪኝ ያየሽኝ በዚህ ዓይን አይደለም» አለ። «ያኔ ወደሽኝ ነበር። ዛሬ ለንስሐ ነው የመጣሽ። ለንስሐ ከሆነ የንስሐ አባት አለሽ፤ እኔን ተይኝ።»

አይደለም ልትለው አፏን ከፈተች። ነገር ግን ፍቅሩ የቱ ጋ አልቆ ጸጸቱ የቱ ጋ እንደሚጀምር ለራሷም አልለይ አላት፤ የብርድ ልብሱን ጠርዝ ማስተካከል ያዘች። ይሁኔ ያንኑ እንደ መልስ ወሰደው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ፋሲካ አለፈ፣ ክረምቱም ወጣ። በርጩማው አሁን ሁልጊዜ ደጅ ነው። አንድ ማለዳ አቶ ገብረአብ የሚባሉ ሽማግሌ እያነከሱ መጥተው ተቀመጡበትና ባታቸውን ያሹ ጀመር።

«ብርዱ ነው ልጄ።»

«ሁልጊዜ እዚህ ሲደርሱ ነው የሚይዝዎ? ሲያርፉ ይተውዎታል?»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ብርድ አይደለም አባባ። ዛሬውኑ ሐኪም ይዩት። ሲጋራም ካለ ይተዉት።»

ይህንን እያለች ይሁኔ ዳገቱን ሲወጣ አየችው። ሲጋራውን እርግፍ አድርጎ ትቷል፤ በሰው ሠራሽ እግሩና በምርኩዙ ቀስ እያለ ይራመዳል። አልታየች ጋ አልተቀመጠም። እየቀረበ መጣ። ሰርካለም ሳታስበው ቆመች፣ በእጇ ቀሚሷን አስተካከለች። አቶ ገብረአብም ነገሩ ገብቷቸው ይሁን አይሁን በርጩማውን ለመልቀቅ ብድግ አሉ።

ይሁኔ ለሁለቱም በትሕትና እጅ ነሥቶ አለፈ። አልቆመም። ዳገቱ ጫፍ እስኪደርስ በዓይኗ ሸኘችው።

«ማነው እሱ?» አሉ አቶ ገብረአብ።

«ድሮ እዚህ ደጅ ላይ ይቆም የነበረ ሰው ነው» አለች።