እርጥብ አንሶላ

አስከሬኑ ላይ የተጣለው አንሶላ እርጥብ ነበር።

ኢንስፔክተሯ መጀመሪያ የነካችው እሱን ነው። ዝናብ ከጣለ ወር አልፎታል፤ ፀሐይዋ የግቢውን ሲሚንቶ እግር እስኪያቃጥል አግላዋለች። አንሶላው ግን የሟቿ ፊት ላይ ተለጥፎ የአፍንጫና የአገጭ ቅርጽ አውጥቷል። ጫፉ ላይ አንዲት የእንጨት ልብስ መቆንጠጫ ነክሳ ቀርታለች።

ሟቿን በዚያ የወሊድ ሆስፒታል በስማቸው የሚጠራቸው ሰው አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት ያዋለዱ፣ ሐኪሙም ዘበኛውም «እትዬ» የሚሏቸው አንጋፋ አዋላጅ ናቸው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከሰገነቱ ወደቁ። ኢንስፔክተሯ ስትላክ፣ «ራሷን ያጠፋች ሴት አለች፤ ቅጹን ሞልተሽ ተመለሽ» ነበር የተባለችው።

ሞልቶ መመለሱን እሷም አልጠላችውም። እንዲህ ካለ ግቢ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሸሽታ ኖራለች። ያኔ ሳያለቅስ የተወለደ ልጇን ለጥቂት ደቂቃ አሳቅፈዋት መልሰው ወስደውባታል። ከዚያ ወዲህ የሕፃን ለቅሶ ስትሰማ ማጅራቷን የሚነካት ቀዝቃዛ ነገር አለ። አሁን ለቅሶው ከየመስኮቱ ይወርዳል። እትዬ ሞቱ ብሎ ምጥ አይቆምም።

ሕንፃው እንደ ታጠፈ ክንድ ነው። አንደኛው ክንፍ ሦስት ፎቅ ሲሆን ጣሪያው ጠፍጣፋ የልብስ ማስጫ ሰገነት ነው። ሌላው ክንፍ በአንድ ፎቅ ይበልጠዋል፤ የአራተኛው ፎቅ ኮሪደር በአንዲት የብረት በር በቀጥታ ወደ ሰገነቱ ያወጣል።

ሰገነቱን የከበበው ግንብ ከጉልበት ብዙም አይበልጥም። ግንቡ ላይ የእትዬ ነጭ ጋወን በሥርዓት ተጣጥፏል፤ በላዩ የንባብ መነጽራቸው ተቀምጧል። ኢንስፔክተሯ መነጽሩን አንስታ ወደ ብርሃን ያዘችው። አንደኛው መስታወት ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ውስጥ የሲሚንቶ ብናኝ ገብቷል። የጋወኑ ቀኝ ኪስ ባዶ ቢሆንም አራት ማዕዘን ሆኖ ተለጥጧል፤ ለዓመታት አንድ ነገር ሲሸከም እንደኖረ ያስታውቃል።

አጣቢዋ፣ እጆቿ በሳሙና የተጨማደዱ አሮጊት፣ ባዶ ሳፋ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«አንሶላውን ያለበሷቸው እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ ልጄ። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ አሰጣሁና ሁለተኛውን ሳፋ ላመጣ ወረድኩ። ገና ከሥር ደረጃውን መውጣት ስጀምር… ድው ሲል ሰማሁ። ብደርስ ማንም የለም። በግንቡ አጎንብሼ ባይ እትዬ መሬት ላይ ናት። ያን ጊዜ አንዱን አንሶላ ከገመዱ መንጭቄ ሮጥኩ። የስንቱን ሴት ገበና የሸፈነች፣ ተገልጣ ልትታይ ነው?»

«ከየትኛው ገመድ?»

«ግንቡን ከሚታከከው። ያቻትና ክፍቷ ቦታ።»

ከግንቡ ጋር ትይዩ በተወጠረው ገመድ ላይ አንሶላዎቹ ወለል እየነኩ ተደርድረዋል። መካከል ላይ አንድ አንሶላ የሚያህል ክፍተት አለ፤ በክፍተቱ የተጣጠፈው ጋወን ይታያል።

«ሌላ የነኩት ነገር አለ? መነጽሩን?»

«ምኑን ዐይቼው!»

«እትዬ ኪሳቸው ውስጥ ምን ይይዙ ነበር?»

«ደብተሯን ነዋ! ልጅ በተወለደ ቁጥር ሰዓቱን፣ ማን እንደተቀበለው ትጽፍበታለች። ስትተኛም ትራሷ ሥር ነው አሉ።» አጣቢዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ልጄ፣ ያቺ እናት ከሞተች ወዲህ ይሄ ቤት ልክ አይደለም። የመስኮቱ ጥግ አልጋ ላይ የሚተኛ ጠፍቷል። አንሶላውን ሦስቴ አጠብኩት፤ ንጹሕ ነው። እኔ ግን ዛሬም ሳየው ቀይ ነው።»

እናትየዋ የሞተችው ከሁለት ቀን በፊት፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። በሰላም ከተገላገለች በኋላ ደም ፈስሷት፣ ሳይታወቅ አለቀች። ተረኛዋ «ትንሿ» የሚሏት ወጣት አዋላጅ ነበረች። ጥፋቷን የሚመረምር ጉባኤ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ሊቀመጥ ተቀጥሯል።

የተረኞችን ሰሌዳ የሚያወጣው የክፍሉ አስተባባሪ ቢሮው አራተኛ ፎቅ፣ ከብረቷ በር አጠገብ ነው። ድምፀ ለስላሳ፣ ዓይኑ የቀላ፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ ሰው ነው።

«በዓይኔ ነው ያየሁት» አላት ወደ መስኮቱ እያመለከተ። «ብቻቸውን ነበሩ። ጋወናቸውን አውልቀው አጠፉ፤ ግንቡ ላይ ወጡ። ልጮህ አፌን ስከፍት የሉም።»

ኢንስፔክተሯ መስኮቱ ላይ ቆመች። በአንሶላዎቹ ክፍተት ጋወኑ ወለል ብሎ ይታያል።

«ከዚህ ሆነው? እዚሁ እንደቆሙ?»

«እዚሁ። ምስኪን፣ ደክሟቸው ነበር። ሁላችንም ደክሞናል።»

«ትንሿስ? ያን ቀን ደክሟት ነበር?»

አስተባባሪው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ አሳያት። «ሰኞ ሙሉ ቀን እረፍት ላይ ነበረች፣ ይኸው። ጠግባ ተኝታ ነው የመጣችው። ማዘን ሌላ፣ ሥራ ሌላ ነው እንግዲህ።»

ማክሰኞ የሞተችው እናት ባል ምድር ቤት፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ደረጃው ላይ እየጮኸ ነበር ተብሏል፤ በሆስፒታሉ ግማሹ ሰው የሚጠረጥረው እሱን ነው።

«አዎ ጮኼያለሁ» አለ። «ወደ ላይ ልወጣ ስል ዘበኛው እጄን ጠምዝዞ እዚህ አስቀመጠኝ፤ እትዬ ሲወድቁም እንደያዘኝ ነበር። የጠሩኝ ራሳቸው እትዬ ናቸው። ‹ዘጠኝ ሰዓት ላይ ና፤ እውነቱን አስፈርሜ እነግርሃለሁ› አሉኝ። መጠበቅ አቃተኝ፣ ቀድሜ መጣሁ።»

«ማንን ነው የሚያስፈርሙት?»

«አልነገሩኝም። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። እንዴት እንደሞተች የሚነግረኝ ሰው። ሁሉም ወረቀት ያሳዩኛል።»

ትንሿን ያገኘቻት «የሠራተኞች ማረፊያ» የሚል በተጻፈበት ክፍል ነው። ውስጡ እስከ ጣሪያ የጓንት ካርቶን ተከምሮበታል። አልጋው ፍራሽ የለውም። ትንሿ ካርቶን ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አጣብቃለች። ጉባኤ እየጠበቃት እንኳ ዛሬም ሥራ ላይ ናት፤ የሚተካት የለም።

«ስምንት ሰዓት ላይ የት ነበርሽ?»

«እያዋለድኩ። ሴት ልጅ ናት። ስምንት ከአምስት ሲል ወጣች።»

«ማክሰኞ ያቺ እናት ስትሞት ስንት ሰዓት ሠርተሽ ነበር?»

«ሰሌዳው ላይ አለ።»

«ሰሌዳውን አልጠየቅኩሽም፣ እህቴ።»

ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች። «እትዬ ‹አንቺ ዝም በይ፣ እኔ እናገርልሻለሁ› ብለውኝ ነበር። ደብተራቸው ነበር ምስክሬ። አሁን ማን ያምነኛል?»

ኢንስፔክተሯ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ጥቂት ቆመች። ደብተሩ የለም። የሰኞና የማክሰኞ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ሄደዋል። ያልሄዱት ሳይደርሱ የተወለዱት ብቻ ናቸው። እግሯ እየከበዳት የማሞቂያውን ክፍል በር ከፈተች።

አየሩ ሞቃትና እርጥብ ነው። በመስታወት ሣጥኖቹ ውስጥ የመዳፍ ያህል ልጆች ተጋድመዋል። አጎነበሰች። ማጅራቷ ቀዘቀዘ፤ ቢሆንም አልተመለሰችም። የአንዱ ቁርጭምጭሚት ላይ የታሰረችውን መለያ በሁለት ጣቷ ገልብጣ አነበበች። እሑድ ረፋድ፤ የተቀባይ ፊርማ፣ ጅራት ያላት ክብ። ሁለተኛው፣ ሰኞ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ያችው ክብ። ሦስተኛው፣ ሰኞ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፤ የክቧ ጅራት ተንቀጥቅጦ ከወረቀቱ ወጥቷል። የሕፃኑ እግር ጣቷን ረገጠው። እጇን ሳትነቅል ትንሽ ቆየች።

አሥር ሰዓት ሲሆን ሁሉም በጉባኤው አዳራሽ ተሰበሰቡ። ሰብሳቢው ሽማግሌ ሐኪም ናቸው፤ ከጎናቸው ሁለት አባላት፣ ፊት ለፊት አስተባባሪው፣ ባልየው፣ አጣቢዋና ትንሿ። በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል።

«ከመነጽሩ ልጀምር» አለች ኢንስፔክተሯ። «ለመሞት የወጣ ሰው የንባብ መነጽር ምን ይሠራለታል? እትዬ ሰገነት የወጡት የሆነ ነገር ለሆነ ሰው ሊያነቡ ነው። መነጽሩ የሰገነቱ ወለል ላይ ወድቆ ተሰንጥቋል፤ ብናኙ ገብቶበታል። ከዚያ ግን ጋወኑ ላይ ተቀምጦ ተገኘ። ወለሉ ላይ የወደቀ መነጽር ራሱ ተነስቶ አይቀመጥም። ስለዚህ እሳቸው ከወደቁ በኋላ ሰገነቱ ላይ ሌላ ሰው ነበር።»

«አጣቢዋስ?» አሉ ሰብሳቢው።

«እሷ የመጣችው በፊተኛው ደረጃ ነው፤ በዚያ ሲወርድ ያገኘችው ሰው የለም። እዚያ የነበረው ሰው የሄደው በብረቷ በር ነው፣ ወደ አራተኛው ፎቅ። ባልየውን ዘበኛው ይዞት ነበር። ትንሿ ልጅ እየተቀበለች ነበር፤ የልጅቷን መለያ አይቻለሁ፤ ፊርማዋ ጅራት ያላት ክብ ናት።»

አስተባባሪው ጉሮሮውን ጠረገ። «ግን እኔ ብቻቸውን አይቻቸዋለሁ ብዬዎታለሁ።»

«ብለውኛል። እርስዎን የጎዳዎት እሱ ነው። ዝም ቢሉ ኖሮ ማስረጃዬ ግማሽ ይሆን ነበር። እማማ፣ አንሶላውን ከገመዱ ያወረዱት መቼ ነው?»

«ከወደቀች በኋላ ነዋ!»

«እትዬ በሕይወት ሳሉ እንግዲህ ያ ክፍተት አልነበረም። አንሶላው ተሰቅሎ ነበር፤ አስከሬኑ ላይ ስነካውም ገና አልደረቀም። ከቢሮዎ መስኮት የሚታየው አንሶላ ብቻ ነው። እርስዎ የነገሩኝ ከሞታቸው በኋላ የተከፈተውን እይታ ነው። ጋወኑን ሲያጥፉ አላዩም፤ ያጠፉት እርስዎ ነዎት።»

«ለምን? እትዬ ደብተራቸውን ይዘው ‹እውነቱን ፈርም› ሊሉዎት መጡ። ሰሌዳው ትንሿ ሰኞ አረፈች ይላል። የሦስት ሕፃናት እግር ግን ሌላ ይላል። እሑድ፣ ሰኞ ቀን፣ ሰኞ ምሽት፣ ሁሉም በእሷ ፊርማ። ይህቺ ልጅ ያቺ እናት አልጋ አጠገብ ስትደርስ ለሃምሳ ሰዓት ያህል ጋደም አላለችም። ደብተሩን ደብቀውታል። ልጆቹን ግን መደበቅ አልቻሉም። የቢሮዎን መሳቢያ እንክፈተው ወይስ እርስዎ ይነግሩናል?»

አስተባባሪው እጁን ወደ ሸሚዙ ሥር ሰደደ። ከወገቡ ላይ ዳርና ዳሩ የተበላ ወፍራም ደብተር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«አልገፋኋቸውም» አለ። «በልጆቼ እምላለሁ… አልገፋኋቸውም። እሱን ልቀማቸው ጎተትኩ። እሳቸውም ጎተቱ። ነጠቅኳቸው፤ ደብተሩም፣ ለሙቀቱ አውልቀው ክንዳቸው ላይ ጥለውት የነበረው ጋወንም እጄ ላይ ቀረ። እሳቸው በጀርባቸው…» ፊቱን ሸፈነ። «አሥር ሰው ለሚፈልግ ሥራ አራት ሰጡኝ። ሰው ጨምሩልኝ ብዬ ስንቴ ጻፍኩ! ሰሌዳው ሙሉ መስሎ ካልታየ ክፍሉ ይዘጋል አሉኝ። ማንን ልመድብ? ማን ነበረኝ?»

ሰብሳቢው ዓይናቸውን ወደ ጠረጴዛው ጣሉ። ፖሊሱ አስተባባሪውን ክንዱን ይዞ አስወጣው።

«ልጄ፣ አንቺ ነፃ ነሽ» አሉ ሰብሳቢው።

ትንሿ ግን አልተነሳችም። ከገባች ጀምሮ ቀና ብላ ያላየችውን ባልየውን አሁን አየችው።

«ጠርታኝ ነበር» አለችው። «ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ነበር፤ እንደቆምኩ እንቅልፍ ወሰደኝ። ድምፅዋን ሰምቻታለሁ። ሕልም መሰለኝ። ይህን ለእትዬም አልነገርኳቸውም።»

ባልየው ወደ እሷ ተጠጋ። «ምን አለች?»

«‹እህቴ፣ በረደኝ› አለች።»

«በረደኝ…» ቃሉን አፉ ውስጥ ያዘው። «ሌላስ?»

«ሌላ አላለችም። እስካሁን ትለኛለች። ቁጭ ባልኩ ቁጥር።»

ያን ጊዜ በኮሪደሩ ጫፍ፣ ከማዋለጃው ክፍል፣ «እህቴ! ኧረ እህቴ ድረሽልኝ!» የሚል የሴት ድምፅ መጣ። አጣቢዋ አማተበች። ትንሿ ከወንበሯ ተፈናጥራ ቆማለች።

ባልየው ግን ቀድሟት በሩ ላይ ደረሰ።

«አንቺ ተቀመጪ» አላት። ምሕረት ይሁን ቁጣ ከድምፁ አይለይም። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ዞረ። «ከእናንተ አንዱ ይሂድላት እንጂ!»

ሦስቱ የጉባኤ ሰዎች ተያዩ። ሰብሳቢው ማዋለጃ ክፍል ከገቡ ስንት ዘመናቸው! ሽማግሌው ኮታቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ ጣሉት፤ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ፣ «መጣሁ፣ ልጄ፣ መጣሁ» እያሉ ኮሪደሩን በጥድፊያ አቋረጡት።

ኢንስፔክተሯ ከትንሿ ጎን ተቀመጠች። ልጅቷ ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ አሳርፋ ጆሮዋን ወደዚያ ሰጠች። የተወለደው ልጅ ሲያለቅስ እስኪሰማ ድረስ ዓይኗን አልከደነችም።