ረፋድ አራት ሰዓት ተኩል

ሁለቱ ሳተላይቶች ባይጣሉ ኖሮ እሱና እሷም ባልተዋደዱ ነበር።

እሷ የአሮጌው ሳተላይት ሰው ናት። ከሰማይ የሚልከውን ምስል እየለካች፣ የአገሩ መሬት ከመቶ ስንት እንደለመለመ ስትመዘግብ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች። እሱ ደግሞ አዲሱን ሳተላይት ይዞ መጣ። በመጀመሪያው ቀን ከጎኗ ተቀምጦ የአንድ ቆላ ወረዳ ልኬት አነበበ፤ አርባ ስድስት። ለዚያው ቦታ፣ ለዚያው ቀን እሷ አርባ አንድ ብላ ነበር።

«የእርስዎ ሳተላይት አረንጓዴ መነጽር አድርጓል መሰለኝ» አለችው።

«የእርስዎ ደግሞ ዓይኑ ፈዟል፤ እርጅና ተጫጭኖታል።»

«ኧረ ተዉ! ሽማግሌ አይሰደብም።»

ተያይተው ሳቁ።

አሮጌው ነዳጁን ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ የነበራቸው አንድ ክረምት ብቻ ነበር። ሁለቱም ሳተላይቶች በዚያ ቆላ ላይ የሚያልፉት ረፋድ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ምስሎቹን አንዱን ባንዱ ላይ እየደረቡ፣ ደመና የሸፈነውን እየጣሉ አነጻጸሩ። ልዩነቱ ንቅንቅ አላለም፤ አምስት። አዲሱ የሚያነበው የቀይ ብርሃን ክፍል ጠበብ ያለ ስለሆነ ሣሩን ከልኩ በላይ ያለመልመዋል።

ክረምቱ ሲጋመስ «እርስዎ» ቀረ። ምስል እስኪመጣ ሲጠብቁ ወሬያቸው ከሳተላይት አልፎ ስለ ቤተሰብ ሆነ።

«አባትሽን መቼ ነው የማያቸው?» አላት አንድ ቀን። አባቷ ከብት የሚያረቡት እዚያው ቆላ ነው።

«የሚቀጥለው ክረምት ሲወጣ።»

አሮጌው ሳተላይት አንድ ሰኞ ዝም አለ። በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ ቀረ።

«ልጄ፣ ምድሩ አመድ ሆኗል» አሏት አባቷ በስልክ። «ላሞቹ ግንድ ይልሳሉ።»

የሱ ኮምፒውተር አርባ አንድ ይላል። በአሮጌው መዝገብ አርባ አንድ ደህና ዓመት ነው። አምስቱ ካልተቀነሰ ድርቅ የለም። ድርቅ ከሌለ ደግሞ አንድም የመኖ መኪና አይነሳም።

የመሥሪያ ቤታቸው ኃላፊ ሁለቱንም አስጠራቸው። «ቁጥሩ እንዳለ ይውጣ» አለ። «እሷ አምስት ቀንሱ የምትለው የአባቷ ከብት እዚያ ስላለ ነው ይባላል። አንተ ፈርም።»

አፉን እስኪከፍት ጠበቀችው። እሱ እስክሪብቶውን ሲያገላብጥ ቆየ። ፈረመ።

ውሸት ሁልጊዜ በውሸታም አፍ አይመጣም። ከብት የሚፈጀው ብዙ ጊዜ በጨዋ ሰው ፊርማ የመጣው ነው፤ ጨዋው ደግሞ ፈሪነቱን ጥንቃቄ ይለዋል!

«ላንቺ ብዬ ነው» አላት ኮሪደሩ ላይ እየተከተላት። «ያባርሩሽ ነበር። ስሌታችንን ሌላ ሰው እስኪያረጋግጥልን ሁለት ወር ብቻ ታገሺ።»

«ላም ሁለት ወር ትታገሣለች?»

«የኔ ፍቅር...»

«ለእኔ ብለህ አትዋሽ! ያንን አምስት አብረን አይደል ያገኘነው?»

በማግስቱ ሥራዋን ለቅቃ አባቷ ዘንድ ወረደች።

ከሁለት ወር በኋላ ስሌቱ ተረጋገጠ፤ አምስት። እሱ ጥፋቱን በጽሑፍ አምኖ ሪፖርቱን አረመ። መኖው ተጫነ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ አባቷ። ከአሥራ አራት ላም የተረፉት ሁለት ናቸው።

ክረምቱ ሲወጣ እሱ መጣ፤ በተባባሉበት ጊዜ። ሽማግሌው ውሃ ሰጡትና ትኩር ብለው አዩት።

«አረንጓዴ ነው ያልከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

አልተቆጡም። በበረቱ ዙሪያ የተበተነውን አጥንት በበትራቸው አሳዩት። «በል፣ አሁን እየው።»

ቆሞ አየ። ከዚያ እሷ እስከ መንገዱ ሸኘችው።

«ይቅር አትይኝም?»

«ይቅርስ ብያለሁ። ማመኑ ነው ያቃተኝ።»

አውቶቡሱ መጥቶ ወሰደው።

ዛሬም ረፋድ አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን የያዘችውን ሥራ ታቆማለች። በዚያች ሰዓት እሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የዚህን ቆላ ምስል እንደሚጠብቅ፣ ከሁሉ በፊትም አምስቷን እንደሚቀንስ ታውቃለች። ከዚያ ከፍታ ላይ ሰው እንደማይታይም ከማንም በላይ ታውቃለች።

ቢሆንም ከዛፉ ጥላ ወጥታ፣ ሜዳው መሀል ቀና ብላ ትቆማለች።