ያልደረቀው ቀለም

የምነግራችሁ ተረት አይደለም። ካላመናችሁ ተዉት፤ እኔ ግን ከራሱ ከገላው አፍ ነው የሰማሁት።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ 1971 ዓ.ም.፣ ወሩ ግንቦት። ቦታው ቢቸና። ሰዓቱ ደግሞ ውድቅት እንዳይመስላችሁ... ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ ፀሐይ ግቢውን ሞልታው ነበር።

ገላው የወባ መድኃኒት የሚረጭ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ወደ ቆላ ተዛውሮ በሳምንቱ መሄድ ነበረበት። ከመንግሥት ጨረታ የገዛት ነጭ ቮልስ ነበረችው። እዚያ ለእሷ የሚሆን መንገድ ስለሌለ፣ ወልደ ሰንበት ለሚባል የሞጣ ነጋዴ ሊሸጣት ተስማማ። ሰውየው ቅዳሜ መጥቶ ይወስዳታል። እስከዚያ የተላላጠ ቀለሟን ግቢው ውስጥ ራሱ ማደስ ነበረበት።

ጭንቀቱ ግን መኪናዋ አልነበረችም። አማቱ ነበሩ።

የእማማ ወለተ ኢየሱስ ዓይን ደክሟል። ልጃቸው ፋንታ ከሁለት ዓመት በፊት "ለጥያቄ ትፈለጋለህ" ተብሎ ከቤት እንደወጣ በዚያው ቀረ።

"ልጄ መጥቶ ቢያጣኝስ? እኔ ከዚህ ንቅንቅ አልልም!" ይላሉ።

ገላውና ሚስቱ ባንቺዓለም ጥለዋቸው አይሄዱ ነገር እናት ናቸው... ይዘዋቸው አይሄዱ ነገር እምቢ አሉ።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ገላው ጎማውን የሚሸፍነውን የኋላውን ፓራፋንጎ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ጀመረ። አንድ ቦታ ላይ ስርጉዱ የተደፈነበት የቆየ ስቱኮ አብጧል። በካቻቪቴ ፈልፍሎ አነሳው።

ከስቱኮው ሥር ጥቁር ክር ወጣ።

ማተብ ነው...

አንድ ጊዜ ተበጥሶ በቀይ ክር ተቀጥሏል። ያን ቋጠሮ ያውቀዋል። እማማ ናቸው በጥርሳቸው አጥብቀው የቋጠሩት።

የፋንታ ማተብ ነው።

ባንቺዓለምን ጠራት። ገና ስታየው ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች።

"ቀስ በይ... ይሰማሉ።"

"ወንድሜን... በዚህች መኪና ነው የወሰዱት?"

"እኔ ምን አውቃለሁ?"

"ለእናቴ እንዳትነግራት! መርዶ እንዲህ አይነገርም።"

እውነቷን ነው። መርዶ በእኛ አገር ወግ አለው። ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የንስሐ አባት ከፊት ሆነው፣ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው። ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚይዘው ሰው በዙሪያው መኖር አለበት። ገላው ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ አባ ገብረ ሕይወት ሮጠ።

አባ ግራ ቀኝ አዩና አንሾካሾኩ።

"ለእነዚያ ለተወሰዱት ማልቀስ ክልክል እንደሆነ ታውቅ የለም ወይ ልጄ? እኔ ዛሬ ሰው ብሰበስብ፣ ነገ እኛን ይሰበስቡናል።"

"ታዲያ ምን ላድርግ አባ?"

"ዝም በል።"

ማተብ አይጣል ነገር፣ አይቃጠል ነገር... ማተብ ነው። ቤት እንዳያስቀምጠው የአብዮት ጥበቃዎቹ በፈለጉት ሰዓት ገብተው ይፈትሻሉ። ገላው ጨነቀውና የማይሆን ነገር አደረገ። ማተቡን ወደነበረበት መልሶ አዲስ ስቱኮ መረገበት። ከላዩም በወባ መርጫው ነጭ ቀለም ነፋበት።

ሐሙስ ዕለት መኪናዋ በሙሉ ደረቀች።

ያች ቦታ ብቻ አልደረቀችም።

በጣቱ ነካት... ትሞቃለች። ጥላ ውስጥ ቆማ ትሞቃለች።

ጠርጎ እንደገና ቀባት። አርብ ሲነሳ ቀለሙ የክር ቅርጽ ይዞ አብጦ ጠበቀው። ላገው። ዓይኑ እያየ መልሶ አበጠ። በመዶሻ ዙሪያውን ቀጠቀጠው።

እማማ ደጃፍ ተቀምጠው ጆሯቸውን አቀኑ።

"ገላው... ማነው የሚያንኳኳው?"

"እኔ ነኝ እማማ። ቆርቆሮ እያቃናሁ ነው።"

"አንተንማ ሰማሁህ። ከውስጥ የሚመታውን ነው የምልህ።"

መዶሻውን መሬት ላይ አኖረ።

ድምፁ አልቆመም።

ገላው እዚህ ላይ ሲደርስ ዕንባው መጣ። "ልንገራቸው ብል ወግ የለም፣ ዝም ልበል ብል እሱ ዝም አይልም። ቆሜ ማየት ብቻ ነበር የቀረልኝ" አለኝ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ብቻውን ወደ ግቢው ወጣ። ቮልሷ ጸጥ ብላ ቆማለች። ፓራፋንጎውን ዳሰሰው። ልሙጥ ነው፣ ደርቋል፣ ቀዝቅዟል። "ተመስገን" አለ።

ዞር ሲል እማማን አያቸው።

ጀርባቸውን ሰጥተውት መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ወደ ፊት ወደ ኋላ ይወዛወዛሉ... ድምፅ ግን የላቸውም።

"እማማ... ምን ሆኑ?"

"ልጄ ሞቷል።"

"ማን... ማን ነገረዎት?"

"መርዶ ነጋሪ ሲጠፋ ራሱ መጣ። እንዳልጮህ አፌን ይዞ ነገረኝ።"

ባንቺዓለም ከቤት ወጥታ ይህን ሰማች። ልትጮህ አፏን ስትከፍት ገላው ዘሎ ያዛት። ከአጥሩ ውጭ የጥበቃዎቹ ኮቴ እየቀረበ ነበር። እስኪያልፉ ድረስ ሦስቱም ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ።

"በቃ... ከእናንተ ጋር እሄዳለሁ" አሉ እማማ በሹክሹክታ። "ከእንግዲህ የምጠብቀው የለኝም።"

ሊያነሳቸው ጎንበስ አለ። ያን ጊዜ ወደ እሱ ዞሩ።

ከአፋቸው እስከ ጉንጫቸው ድረስ አምስት ጣቶች በነጭ ቀለም ታትመዋል።

ቀለሙ ገና እርጥብ ነበር... በአገጫቸው ጠብ ጠብ ይላል።